የገመዱን ጫፍ የያዘው

አዲስ አበባ፣ መስከረም 28 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርገዱ፣ ወረታ።

ክረምቱን አሻግሮ አዲሱን ዓመት ያሳየን አምላክ ይመስገን። እርስዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብቱም ጭምር እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። የርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ከብቱን ከሜዳው እንዳባረረው ከሐሙሲት የመጣ ነጋዴ ነግሮኝ አዝኛለሁ። ይህን ያህል ዓመት ሳልጽፍ መቅረቴ ከሥራ ብዛት እንጂ ከመርሳት አይደለም።

ነገሬን ላሳጥር። እዚህ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሃያ ዓመት ሞላኝ። ሥራው ከእርሳስ የተቀረጹ ትንንሽ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥናቸው እያነሱ መደርደር ነው፤ ያውም እንደ መስተዋት ተገልብጠው ነው የሚነበቡት። አሁን አንዱን ፊደል ከሌላው መለየት አቅቶኛል። ባለፈው ወር በአንድ ትልቅ ሰው የሙት ዓመት ማስታወሻ ላይ የሟቹን ስም አሳስቼ ታተመ። አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ወረቀቱን ወረወረብኝ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።

አዲስ ደንብ ወጥቷል። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ጡረታውን ይዞ ይወጣል። እኔም እንደሚያውቁት ዘንድሮ ሞልቶኛል። ነገር ግን ስቀጠር ዕድሜዬን ዝቅ አድርጌ አስጽፌ ስለነበር በመዝገቡ አርባ አምስት ነኝ፤ አሥር ዓመት ይቀርሃል ይሉኛል። በዚህ ዓይን አሥር ዓመት አልችልም። እንዲሁ ጥዬ ብወጣ ደግሞ ባዶ እጄን ነው። ዕድሜህ እንዲቃና ከፈለግህ ከተወለድክበት ደብር ወረቀት አምጣ ተብያለሁ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ከጣና ገዳም ተመልሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እርሳቸውና ሦስት ሽማግሎች በ1901 መወለዴን ጽፈው እንዲፈርሙልኝ እርስዎ ያስፈጽሙልኝ። የአባቴ እህት ልጅ ነዎት፤ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?

ከወጣሁ አገሬ ገብቼ፣ የርብ ዳሩን መሬቴን፣ ደለሉን፣ እያረስኩ ቀሪ ዕድሜዬን ልኖር ነው ሐሳቤ።

ታናሽዎ አንለይ ካሴ

---

ወረታ፣ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንለይ ካሴ።

ደኅና ነን። ይህን የሚጽፍልኝ ደብተራ አያልነህ ሰላምታውን ሊያሳምረው ሲል ተው ብዬዋለሁ። የምለውን እንደምለው ጻፍ፣ ካለሰለስከው ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም ብዬ ከፊቱ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። መንደሩ ጥራጊውን አውጥቶ እያቃጠለ ጭሱ ዓይናችንን ሊያጠፋው ነው። ለምን እንደሚጤስ አንተም ታውቃለህ፤ በ1911 በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሰው ለማሰብ ነው። በዚያ ዓመት ተወለድኩ ያልከው አንተ አይደለህም? አሁን 1901ን ከየት አመጣኸው?

ረስቼው ይሆናል ብለህ እንደሆነ ላስታውስህ። በ1913 አባትህና እናቴ የአያታችንን መሬት በገመድ ተካፈሉ። በእኛ አገር መሬት ሲከፈል የገመዱን ጫፍ የሚያስይዙት ለልጅ ነው፤ ሽማግሌው ቢሞት ልጁ ቆይቶ ይመሰክራል ብለው። የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል ደግሞ እንዳይረሳ ጆሮውን እንባው እስኪመጣ ይቆነጥጡታል። ያ ልጅ አንተ ነበርክ። ዳዊት ጨርሰህ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። የቆነጠጡህ ቄስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ስትነፋረቅ ሽምብራ ቆሎ በእጅህ ያስጨበጥኩህ እኔ ነኝ። ደለሉ፣ ርብ ዳር ያለው ጥቁሩ መሬት፣ ለእናቴ ደረሰ።

በ1945 ከአዲስ አበባ መጥተህ ደለሉ የአባቴ ነው አልክ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ያኔ ጣና ገዳም ነበሩ። እናቴ ሰባ ዓመቷ ነበር። በትሯን ተደግፋ ከዳኛው ፊት ቆማ፣ ሌላ ምስክር አልቆጥርም፣ ገመዱን የያዘው እሱ ራሱ ነው፣ በእሱ ቃል እረታለሁ አለች። እንዲህ አመነችህ። አንተ ማኅተም ያለው ወረቀት ከኪስህ አወጣህ። እኔ የተወለድኩት በ1911 ነው፣ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ፣ ሕፃን ገመድ አይይዝም አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በእናቴ ነው የሳቁት። አሮጊቷ ጃጅታለች አሉ። ደለሉንም ወሰድክ።

ዛሬ ደግሞ እንደሚያውቁት ሃምሳ አምስት ሞልቶኛል ትለኛለህ። እኔ ምንም አላውቅም። በማኅተም አርባ አምስት ነህ። አሥር ዓመት ይቀርሃል ካሉህ አሥር ዓመትህን ሥራ።

ይርገዱ

---

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ይርገዱ።

ለጤናዎ እንደምን አሉ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደብተራ አያልነህ እንዳላለሰለሰው ይወቁልኝ።

እርስዎ የሚያውቁት ከርብ እስከ ጉማራ ያለውን ሜዳ ብቻ ነው። እኔ በ1936 አዲስ አበባ ስገባ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልቀጥርም ሲል፣ ከፊቴ የቆመው ሠላሳ ነኝ ብሎ ሲባረር አየሁ። ሃያ አምስት ነኝ አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር? ራበኝ ብሎ ዕድሜውን የቀነሰ እኔ የመጀመሪያው ነኝ?

የመሬቱን ነገር እኔ አልፈረድኩም። ዳኛ ነው የፈረደው። ወረቀቱ የመንግሥት ወረቀት ነው፣ ማኅተሙም የመንግሥት ማኅተም ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ነገር አሁን በደብዳቤ የሚቆፈርበት ምክንያት አይገባኝም። እኔ የምለምነው ጡረታዬን ነው። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ እትዬ። ማታ ቤቴ ስገባ መቆለፊያውን በዳሰሳ ነው የማገኘው።

አንድ ነገር ላስቀምጥ። ወረቀቱ ስለ ገመዱ ምንም ሳያነሳ በ1901 ተወለደ ብቻ ይበል። ይህ ከሆነ የእኩል አራሼ አበረ ከደለሉ ከሚያገባልኝ እህል ግማሹን ለእርስዎ እንዲያወርድ እጽፍለታለሁ። ከዚህ የተሻለ ምን ላድርግ? በቶሎ ይመልሱልኝ፤ እዚህ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል።

አንለይ ካሴ

---

ወረታ፣ የካቲት 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአንለይ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በገና ማግስት ነው። ሽምብራ ነቀላ ላይ ስለነበርን ነው የዘገየሁት ልልህ አስቤ ነበር። ነቀላው ካለቀ ሰነበተ። ያዘገየኝ ንዴት ነው። ደብተራውን ሦስት ጊዜ አስጠርቼ ሦስት ጊዜ ሳላጽፍ መለስኩት።

ከእናቴ መሬት የበቀለውን እህል ግማሹን ልስጥሽ ትለኛለህ። ምን ቆርጦህ ነው?

ቄስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሄጃለሁ። የሄድኩት ላስጽፍልህ አይደለም፣ እንዳይጽፉልህ ልለምናቸው ነው። አርጅተው ከአልጋ አይነሡም። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "ሲወለድ እኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ዓመቱን አላውቅም። ገመዱን ሲይዝ ግን አውቃለሁ። የማውቀውን እጽፋለሁ" አሉኝ። ወዲያው ጽፈው፣ የደብሩን ማኅተም አስመትተው፣ ሦስት ሽማግሎች ለቃላቸው እማኝ ሆነው ጣታቸውን አሳረፉበት። በ1913 የካሴና የእህቱ የወለተ ሚካኤል መሬት ሲከፈል የገመዱን ጫፍ የያዘው አንለይ ካሴ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ጆሮውን የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ ይላል። ገመዱን አውጡልኝ ብትል አይወጣም፤ እሳቸው ዕድሜህን የሚያውቁት በገመዱ ነው። ወረቀቱ በእኔ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።

አሁን የእኔን ስማ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ገበያ አልወጣችም። እሑድ ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ ግን ሰው ተበትኖ ካላለቀ ከቅጽሩ አትወጣም ነበር። ባመቱ በፍልሰታ ጾም ሞተች። በሕመሟ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀኝ። "ይርገዱ፣ ገመዱን የያዘው እሱ አልነበረም እንዴ? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?" ትለኛለች። እሱ ነው እላታለሁ። ወረቀቱ ግን የመንግሥት ነው ትለኛለች። ራሷን እንደ ጠረጠረች ሞተች። መሬቱን ብትወስድ አንድ ነገር ነው፤ የሴትዮዋን ልብ ነው የወሰድክባት። ይህን ነው የማልምርህ።

መሬቱን አልፈልግም ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው፣ መሬቱንም እፈልጋለሁ። ከመሬቱ በፊት ግን ይህን እፈልጋለሁ። ለሰኔ ሚካኤል ና። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ቆመህ፣ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ወለተ ሚካኤል እውነቷን ነበር በል። ያን ጊዜ ወረቀቱን በእጅህ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ የእርሳስ ፊደልህን ልቀም።

ይርገዱ

---

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለይርገዱ።

አልመጣም። በደጀ ሰላም አቁመሽ ለሠፈር መሣለቂያ ልታደርጊኝ ነው የፈለግሽው። ሃያ ዓመት የመንግሥት አዋጅ በእጄ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለይፋግ ገበያተኛ ወሬ አልሆንም።

ከፊደሉ ሳጥን እንዳነሡኝ ላንቺ መንገር አልነበረብኝም። እነግርሻለሁ፣ ደስ ይበልሽ። አሁን የታተመውን ወረቀት እየቆጠርኩ በሲባጎ የማስር ሆኛለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች በእኔ ቦታ ቆመው ሲለቅሙ አያለሁ። አንዱማ ትናንት ቋጠሮው ላልቷል ብሎ መለሰልኝ።

የአንቺን ወረቀት አልፈልግም። የፎገራ ልጆች እዚህ ሞልተዋል። ሁለቱ ቀርበው በ1901 መወለዱን እናውቃለን ብለው ይምሉልኛል፤ ተስማምተናል። አንደኛው በ1901 እናቱም አልተወለደችም፣ ቢሆንም ይምላል። ያንቺን ገመድ ታቅፈሽ ተቀመጪ።

አንለይ

---

ወረታ፣ ግንቦት 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለአንለይ።

አንቺ አልከኝ። በልጅነትህ አዝዬህ ርብን ያሻገርኩህን ሴት አንቺ አልከኝ። ደብተራ አያልነህ ሲያነብልኝ እዚያች ላይ ሲደርስ አፍሮ እርስዎ ብሎ አነበበው። እኔ ግን ከፊቱ ላይ አየሁት።

ቄስ ወልደ ሥላሴ ባለፈው ማክሰኞ አረፉ። ረቡዕ ቀበርናቸው። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አስጠርተውኝ፣ ወረቀቱን ላክሽለት ወይ አሉ። ሲመጣ እሰጠዋለሁ አልኳቸው። "እኔ የጻፍኩት ምስክርነት ነው፤ መያዣ አድርጊው ብዬ አልሰጠሁሽም" አሉኝ። ተከራከርኳቸው። በሞት አልጋ ላይ ካለ ቄስ ጋር ተከራከርኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቃላቸውን አላነሡም።

ስለዚህ ወረቀቱ ይኸው። በሐሙሲቱ ነጋዴ እጅ ልኬዋለሁ። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሳቸው ቃል ነው። አሁን ገመዱ ሲጣል ከነበሩት በሕይወት ያለነው አንተና እኔ ብቻ ነን። ማኅተሙን መሥሪያ ቤትህ አሳይተህ ጡረታህን ይዘህ መውጣት ትችላለህ። ደለሉም በእጅህ ነው፤ የወረታ ዳኛ አዲስ አበባ ያለውን ወረቀት አያይም። የሚያስገድድህ ሰው የለም። ሌሊትና ቀን አንጀቴን የሚያሳርረኝም ይኸው ነው።

ይርገዱ

---

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርገዱ።

እንደምን ሰነበቱ። አንቺ ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቄስ ወልደ ሥላሴ ነፍስ ይማር ብዬ እዚህ ቅዱስ ሚካኤል ጧፍ አብርቻለሁ።

ያልኳቸውን ሁለት ሰዎች ወደ ጡረታ ጽሕፈት ቤቱ ወስጄ ነበር። የደብር ወረቀት ካልሆነ መሐላ አንቀበልም ብለው መለሱን። በሳምንቱ የእርስዎ ወረቀት ደረሰ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ሳነበው ደስ አለኝ። እርስዎ እንዳሉት አሰብኩ። ጡረታዬም አለ፣ ደለሉም አለ፣ ማን ያውቅብኛል አልኩ። ይዤው ሮጥኩ።

ጸሐፊው ልጅ እግር ነው። ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ ይሰማሉ። ጆሮውን የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀና፣ አባባ የትኛውን ጆሮዎን ነው አለኝ። እጄ ብድግ ብሎ ቀኙን ያዘ። ሳላዝዘው ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን አይተው ነው የሳቁት፣ ሳቃቸውም ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን የታየኝ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙት አክስቴ ናቸው። ያን ቀን ሰው ሲስቅ ዞረው ያዩት እኔን ነበር። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገርኩም፤ አሁንም መጻፍ አቃተኝ። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ዕድሜዬ ተቃንቷል። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ተመልሼ አለቃዬን አንድ ነገር ለመንኩት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ፊደል ልልቀም አልኩት። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሳጥኑን ለቀቀልኝ። የቄሱን ወረቀት ከነቃሉ ለቀምኩት። ቀድሞ በሰዓት የምጨርሰው ሥራ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከሥሩ የራሴን ጨመርኩበት። "በ1945 ዓ.ም. በዳኛ ፊት የዋሸሁት እኔ አንለይ ካሴ ነኝ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አልተሳሳቱም። ደለሉ የእርሳቸውና የልጃቸው ነው" ይላል። ሃያ ቅጂ ታትሟል፣ በሁሉም ላይ ፈርሜያለሁ። አንዱን ለዳኛው፣ አንዱን ለአበረ ይስጡልኝ፤ ከእንግዲህ እህሉን ለእርስዎ ያግባ። በሰኔ ሚካኤል ደብተራ አያልነህ በደጀ ሰላሙ ያንብበው። አንድ ፊደል ተገልብጦ ወጥቷል፤ ያየሁት ከታተመ በኋላ ነው።

እኔ ልመጣ አልችልም። ፊት የለኝም። እዚሁ አንድ ክፍል ተከራይቼ እቀመጣለሁ። በምን ዓይኔ የእርስዎን ዓይን አያለሁ?

ታናሽዎ አንለይ

---

ወረታ፣ ሰኔ 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአንለይ ካሴ።

ደርሶናል። ነጋዴው ዋዜማው ዕለት አመጣው። ከትናንት ወዲያ፣ በሚካኤል፣ ደብተራ አያልነህ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ አነበበው። ሕዝቡ ቀጥ ብሎ ሰማ። በ1945 ከሳቁት መካከል አራቱ እዚያው ነበሩ፤ አንድ በአንድ ዓይናቸውን አየኋቸው። ሲያልቅ ወደ እናቴ መቃብር ሄጄ ድጋሚ አስነበብኩት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልተደሰትኩም። ንዴቴ ባሰ። ሃያ ወረቀት ማተም የምትችል ሰው፣ እሷ በሕይወት ሳለች አንዲት መስመር መጻፍ አቃተህ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊደሉ እፊትህ ነበር። ይህን ለደብተራው ሳስጽፈው እያለቀስኩ ነው፤ ጻፈው ብዬዋለሁ።

አሁን ደግሞ አልመጣም ትላለህ። አንድ ክፍል ተከራይተህ፣ ዓይንህ ጠፍቶ፣ መቆለፊያ እየዳሰስክ ልትኖር ነው? ማን ፈቀደልህ? ጡረታ የወጣኸው በገመዱ ነው። ከገመዱ መሸሽ አትችልም።

ስማኝ። ርብ አምና ሞልቶ የድንበሩን ድንጋይ ወስዶታል። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲሸሽ፣ በጥቅምት፣ ደለሉ እንደገና በገመድ ይለካል። ዳኛውም፣ ሽማግሎቹም፣ አበረም ይገኛሉ። የልጅ ልጄ አገኘሁሽ ገመዱን ልያዝ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ብቻሽን አይሆንም ብያታለሁ። አንደኛውን ጫፍ ትያዝ፣ ሌላኛውን የምትይዘው አንተ ነህ። በዳሰሳም ቢሆን ትይዛለህ። ማደሪያህን ከእኔ ቤት ጓሮ ያለችውን ጎጆ አስከድኜልሃለሁ፤ የእርሻ በሬ ካነሰህ ከእኔ ትወስዳለህ።

ቄስ ወልደ ሥላሴ ግን የሉም። ድንጋዩ ሲተከል የአንተን ጆሮ የምቆነጥጠው እኔ ነኝ፤ ቀኙን። ከሚካኤል ጀምሮ የመቆንጠጫ እጄን ጥፍር አልቆረጥኩም፣ እስከ ጥቅምትም አልቆርጠውም።

እህትህ ይርገዱ